መምህርት የትናየትና ያላነበብሁት ወረቀት

መምህርት የትናየት ቢቸና ላይ ሒሳብ ያስተማረችው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። አራተኛውን እንዳታስተምር ካደረጉት አምስት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። የአምስቱም መሪ እኔ ነበርሁ።

አባቷ መሪጌታ አካለ ወልድ የቅኔ መምህር ነበሩ። እሷ ግን ቁጥር ወደደች። ኮሌጅ ገብታ ተመርቃ እናቷ ወይዘሮ አስናቀች ወዳሉበት ወደ ቢቸና መጣች። ቁመቷ አጠር ያለ፣ ድምጿ ቀጭን፣ ቀሚሷ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ልጅ ነበረች። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጠመኔውን ታስቀምጥና «በሉ፣ የዛሬውን በራሳችሁ ቃል» ትላለች። ተማሪው በግማሽ ወረቀት ሦስት መስመር ይጽፋል፤ የገባውን፣ ያልገባውን፣ ወይም ቤቱና ማሳው ላይ ያየውን ምሳሌ። ሰብስባ ታነብና በማግስቱ ትምህርቱን ካልገባቸው ቦታ ትጀምራለች። ቆይቶ የሳይንሱም የጂኦግራፊውም መምህር ከሷ ተምረው ማጻፍ ጀመሩ። የአማርኛው መምህር «እናንተ ሰዎች፣ እንጀራዬን ልትቀሙኝ ነው?» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

ወላጁ ግን አጉረመረመ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከሀ እስከ መ መርጦ ማጥቆር ነው፤ ሒሳብ በወሬ ይጻፋል እንዴ ተባለ። እኔ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነበርሁ። ድንበር የማስታርቅ፣ ሠርግ ቤት ከላይ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ማንበብ ግን አልችልም ነበር። ይህን ከሟች ባለቤቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ስሜን መፈረም ተለማምጃለሁ። ወረቀት ሲሰጡኝ ወይ መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ፣ ወይ አድርጌው ጥቂት አየት አደርግና ራሴን እነቀንቃለሁ።

የልጅ ልጄ ሀይማኖት ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። አንድ የገበያ ቀን ጎረቤቴ ፋንታ ያዘኝ።

«ገብረ ኪዳን፣ ዝናህ ግድግዳ ላይ ወጣ አሉ!»

«የምን ዝና?»

«ሀይማኖት ጽፋው መምህርቷ ክፍል ውስጥ ለጥፋዋለች። ‹አያቴ ያለ ወረቀት› ይላል አሉ። እንግዲህ ጨዋ ነህ ማለት ነዋ፣ ፊደል ያልቆጠርህ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

እሱ መቀለዱ ነው። እኔ ግን ክው አልሁ። ምስጢሬ የወጣ መሰለኝ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ሄድሁ። መምህርቷ ስታየኝ ደስ ብሏት ወደ ክፍሉ አስገባችኝና ከሰሌዳው አጠገብ የተለጠፈ ግማሽ ወረቀት አሳየችኝ። መነጽሬን አድርጌ ፊቱ ቆምሁ። የልጄ ልጅ የጻፈችው ነው፤ ስለ እኔ ነው፤ አንዲት ፊደል አልለይም።

«አነበቡት፣ አባባ?»

«አነበብሁት።»

«ደስ አይልም? ለሌሎቹም ክፍሎች አነበብሁላቸው እኮ!»

ፈገግታዋን እንደ ፌዝ ቆጠርሁት። «እናያለን» ብዬ ወጣሁ። ሀይማኖትን ምን ጻፍሽ ብዬ ብጠይቃት ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። መጠየቅ ግን አለማንበቤን ማመን ነው። አንድ ሳምንት አኮረፍኋት። ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ የእጅ ውሃ ይዛ ስትቀርበኝ ፊቴን አዞርሁባት።

ከዚያ ኮሚቴውንና ወላጆቹን ሰበሰብሁ። የኮሚቴው ጸሐፊ ‹በማጻፍ የሰው ገመና ታወጣለች፤ ትነሣልን› የሚል አቤቱታ ጻፈ፤ መምህርቷም ተጠርታ መጣች።

«አባቴ ተማሪያቸውን ብዙ ስለሰማ ተማርህ አይሉትም ነበር» አለች። «ሁለት ቤት ያላትን ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን፣ ራሱ ቆጥሮ ሲያመጣ ነው ገባው የሚሉት። የእኔም ሦስት መስመር እንደዚያው ናት። ልጁ በራሱ ቃል እስኪመልሰው ድረስ ትምህርቱ የእኔ ነው እንጂ የእሱ አይደለም።»

የብዙዎቹ ልብ እንደተመለሰ አየሁ። ያኔ ተነሣሁ።

«ያ የአባትሽ ጉባኤ ነው፤ ይህ የሒሳብ ክፍል ነው። ልጅ ልታስተምሪ ነው የመጣሽው ወይስ የሰው ገመና ልትለቅሚ?»

ተሳቀ። የተጨበጨበም ይመስለኛል። አቤቱታው ቀረበልኝ፤ አየት አድርጌ ፈረምሁ፤ አራቱ የኮሚቴ አባላት ተከተሉኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ወደ ሞጣ የሚያዛውራት ደብዳቤ ደረሰ። እናቷን ለጎረቤት አደራ ብላ ሄደች።

ፊደል የቆጠርሁት ከዚያ በኋላ ነው፣ በስድሳ ስምንት ዓመቴ። ያ ግድግዳ ፊት የቆምሁት መቆም እረፍት ነሣኝ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የፊደል ገበታ ገዛሁና በር ዘግቼ ያዝሁት። ከዚያ በማዳበሪያ ከረጢትና በመድኃኒት ካርቶን ላይ ተለማመድሁ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አንድ ጧት የሀይማኖትን አሮጌ ደብተሮች ሳገላብጥ ያ ግማሽ ወረቀት ወጣ። መምህርቷ ስትሄድ መልሳላት ኖሯል። በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት።

«ወደር የሚባለው የሒሳብ ትምህርት የገባኝ ከአያቴ ነው። አያቴ ያለ ወረቀት ለስንት ጥማድ መሬት ስንት ቁና የጤፍ ዘር እንደሚበቃ ያውቃል። መሬቱ ሲሰፋ ዘሩንም በልኩ ይጨምራል። እኔ በወረቀት አሰላሁት። እሱ ያለው ልክ ነበር።»

ይኸው ነው። ሌላ ቃል የለውም። እዚያው በተቀመጥሁበት ከመጀመሪያው ደግሜ አነበብሁት።

መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቄ ሞጣ ሄድሁ። ከክፍል ስትወጣ አገኘኋት። ስታየኝ ደነገጠች።

«አባባ ገብረ ኪዳን! እናቴ ምን ሆነች?»

«ደኅና ናት። ያመጣኝ የራሴ ነውር ነው። ያን ቀን ማንበብ አልችልም ነበር።»

«አነበብሁት ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ዋሸሁሽ።»

«እኔ ደግሞ…» አለች። «እንዲያ ያለ ነገር አንብበው ከጠሉት፣ ጥፋቱ ከማጻፉ ነው ብዬ ተውሁት። እዚህ አላጽፍም፣ አባባ። የማስተምረውን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ሲደወል እወጣለሁ። ማን እንደገባው፣ ማን እንዳልገባው አላውቅም።»

እሷን ከእናቷ መለየቴን አውቄ ነበር የሄድሁት። ይህን ግን አላውቅም ነበር። ይቅርታ ለመንኋት።

«ለእኔ አይደለም» አለችኝ። «የተናገሩበት ቦታ ይናገሩት።»

ስትሸኘኝ እንደ ልማዱ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ትከሻዋን ይዤ መለስኋት።

በቀጣዩ የወላጆች ስብሰባ ብድግ አልሁ። «መምህርት የትናየት ጥፋት የለባትም። ሀይማኖት ስለ እኔ የጻፈችውን ያን ወረቀት ሳላነብ ነው አቤቱታውን የፈረምሁት። ማንበብ አልችልም ነበር» አልሁ። ይስቁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ፋንታ እንኳ አልሳቀም።

አብረውኝ ከፈረሙት አንዷ፣ ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ከኋላ ተነሣች።

«አያ ገብረ ኪዳን፣ እኔ ማንበብ እችላለሁ» አለች። «ግን አላነበብሁትም። አያ ገብረ ኪዳን አንብበው ከፈረሙ ምን ቀረኝ ብዬ ነው የፈረምሁት።»

ሌሎቹን ሦስቱን ተራ በተራ አየኋቸው። ቀና ብሎ ያየኝ የለም።