የሰዓደት የግድ ዕረፍት

ሰዓደት ዕረፍት ጠይቃ አታውቅም፤ ዕረፍቱ ራሱ መጣባት። በገንዘብ ተቀባይነት የምትሠራበት የቃሊቲ ባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ አቶ አጥናፉ ቢሮው ጠርቶ፣ «ከሰኞ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ወጥተሻል። ቅርንጫፉ ጋ እንዳትደርሺ። ለሠራተኛም እንዳትደውዪ» አላት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ደንብ ነው። ገንዘብ የሚነካ ሁሉ በዓመት አንዴ ሳያቆራርጥ ይወጣል፤ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል።»

«የደበቅኩት ካለ እንዲወጣ ነዋ!»

«እኔስ ወጥቼ የለም እንዴ?» አለ አቶ አጥናፉ፣ ዓይኗን ሳያይ።

እናም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጠች። ደሞዟ አልተቋረጠም፣ አልታመመችም፣ ግን በገነች። የታጠበ መጋረጃ አውርዳ ደግማ አጠበች። ጎረቤቷ «በግድ ዕረፊ ተባልሽ? ታድለሽ!» ስትላት በሩን በላይዋ ላይ ልትዘጋባት ምንም አልቀራት። ሌባ ነሽ ያላት የለም፤ አይደለሽም ያላትም የለም። ሰው በዚህ በሁለቱ መሃል ስንት ነገር ያስባል!

ረቡዕ ቀትር ላይ በሩ ተንኳኳ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ለጠያቂዎች ምሳ ዕቃና ፔርሙዝ የሚሸጡት ሐጂ ኑሪ ናቸው። ጥቁር ፌስታል ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ያለከልካሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰማይ ላይ ምን አስወጣሽ?»

«ሐጂ! በምን አገኙኝ?»

«ጠይቄ ነዋ። እንኪ፣ የሱቁ ገንዘብ ነው። እስክትመለሺ አንቺ ጋ ይቀመጥ።»

ሰዓደት እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። የነሐጂ ኑሪን ልማድ ታውቃለች፤ ሌላው መስኮት ባዶ ቢሆን እንኳ እሷ ጋ ተሰልፈው ይጠብቃሉ እንጂ ለሌላ ሰው ገንዘብ አይሰጡም።

«ወንበርሽ ላይ አንዲት ልጅ ጎልተዋል» አሉ ሐጂ። «መታወቂያ አለችኝ። እኔን! ‹ያለ ሰዓደት ለማንም አልሰጥም› ብዬ ወጣሁ። የሱቅ ጎረቤቶቼ እነ ዙለይኻም እንደዚሁ ብለው ወጡ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ተቆጣጣሪ የተናገርነውን ሁሉ ጻፈው፤ ጎበዝ ሰው ነው።»

ደንበኛ ከአንድ ሠራተኛ ሌላ አልፈልግም ካለ ለተቆጣጣሪ የስርቆት ምልክት ነው። ፍቅር ለካ እንዲህም ያስጠረጥራል! ደውላ እንዳታስረዳ መደወል ተከልክላለች።

«ሐጂ፣ ይህ ገንዘብ እኔ ቤት ከተገኘ አለቀልኝ።»

«ማን አባቱ? እኔ እመሰክርልሻለሁ!»

«የእርስዎ ምስክርነት ነው የሚያሳስረኝ!»

«እንግዲህ ከታሰርሽም ጎረቤቴ ነሽ» አሉ ሐጂ ላባቸውን እየጠረጉ። «ምሳ ዕቃ በነጻ።»

ትስቅ ወይስ ታልቅስ? ነጠላዋን አንስታ ክንዳቸውን ያዘች። በሚኒባስ ቃሊቲ ወርደው ከባንኩ ማዶ ቆሙ።

«ከዚህ ብቻዎን ይግቡ። ልጅቷ መታወቂያ ስትልዎ ይስጧት። ስሜን እንዳያነሱ።»

«ለማላውቀው ሰው ጥለሽኝ?»

«ስለ አላህ ብለው፣ ሐጂ።»

እያጉረመረሙ ተሻገሩ። የባንኩ ጥበቃ ጋሽ ተሰማ ሰዓደትን አይቶ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ወጣና በእጁ ወደ ኋላ በይ አላት፤ ተቆጣጣሪው በመስታወቱ ያያል ማለቱ ነው። ከቆመ የጭነት መኪና ጀርባ ገባች። ስንት ዓመት ሙሉ በፊት ለፊት የገባችበትን በር አሁን ተደብቃ ታየዋለች! ሐጂ ተናደው ቢመለሱስ? ውስጥ ሆነው ስሟን ቢጠሩስ?

ሐጂ ወጡ። ፌስታሉ የለም። ፊታቸው ፈክቷል።

«ምን አሉዎት?»

«ሃዊ ነው ስሟ፣ የልጅቷ። ወላሂ እጇ ፈጣን ነው! ከመቀመጤ ጨረሰችልኝ። ነገ እነ ዙለይኻንም ይዤላት እመጣለሁ።»

«ስሜን አላነሱም?»

«ኧረ ትዝም አላልሽኝ። አንቺ እንኳ ወሬ ታበዢ ነበር።»

የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ስሟ ተርፏል። ታዲያ ምን አስከፋት?

«በይ አንቺም ዕረፊበት» ብለው ሐጂ ወደ ሱቃቸው አቀኑ።

«ወሬ የማበዛው እርስዎን ላጫውት ብዬ ነበር እኮ!» ብላ ጮኸች ከኋላቸው። የጭነት መኪናው ሞተር ተነሥቶ ነበርና አልሰሟትም።