ቁራጭ ሳይፈራ እንዲሄድ

ውሻ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ እንባዬን ስታዩ «ድሮም ውሻ ወዳድ ነው» እንዳትሉኝ ነው።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሼ ናቸው፤ ሱቃችንን የሚለየው አንድ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው። ጋሼ እጃቸው ወርቅ ነው፣ ምላሳቸው ግን ምላጭ። ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ስለ አለባበሱ ይሰደባል፣ ከዚያ ይለካል። ውሻቸው ባይኖር ኖሮ አንድም ደንበኛ አይቀርላቸውም ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የቁራጭ ጨርቅ ጆንያ ውስጥ ተኝቶ ያገኙት ቡችላ ነው፤ ስሙንም ቁራጭ አሉት። ጌታው መሳደብ ሲጀምሩ ቁራጭ ቀስ ብሎ ይነሳና ደንበኛው እግር ላይ ይተኛል። እግሩ ላይ ውሻ የተኛበት ሰው ደግሞ ተቆጥቶ መውጣት አይሆንለትም።

እኔም ውለታው አለብኝ። አንድ ቀን ጋሼ ካውያውን ሳያጠፉ ምሳ ሄዱ። ቁራጭ ግድግዳውን እየቧጨረ ሲጮህ «ዝም በል አንተ!» ብዬ በኔ በኩል ጣውላውን ሁለቴ ደበደብኩ። ጭሱ የሸተተኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሮጬ ባልደርስ ወንበሬም መስታወቴም አመድ ሆነው ነበር።

ዘንድሮ የኋላ እግሮቹ ከዱት፣ ኩላሊቱም ደከመ። የእንስሳት ሐኪሟ «ከዚህ በላይ ማቆየት ማሰቃየት ነው» አለች። ቁራጭ ደግሞ ክሊኒኩን ሲያይ ገና ከበሩ ነው የሚንቀጠቀጠው።

«ፈርቶ አይሞትም፤ እዚሁ ሱቅ፣ በቤቱ ነው የሚሄደው» አሉ ጋሼ።

«ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ» አለች። «ግን ጋሼ፣ ደም ስሩ ቀጭን ነው። ከታገለኝ እዚህ አልችለውም፤ ክሊኒክ ልወስደው ነው።»

ሳምንቱን በሙሉ ተዘጋጀን። ጋሼ ለስላሳ ገበር መርጠው፣ ቁራጭን በሜትር ለክተው ፍራሽ ሰፉለት። ከዳር እስከ ዳር አራት ጣት ትርፍ አጥፈው ትተዋል። «ይሄ ለምንድን ነው?» ብላቸው፣ «ቢወፍር ይለቀቃል» አሉኝ፤ ከዚያ የተናገሩትን ሰምተው ፊታቸውን አዞሩ። የሚቀበርበትን ጉድጓድ ከጓሮ የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ ለወገቤ ያዘነልኝ የለም። አርብ ማታ ሱቄን ልዘጋ ስል ጎራ አልኩና ጆሮው ስር እያከክሁ «ለዚያ ለካውያው ቀን፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው።

ቅዳሜ ጋሼ ሱቃቸውን ዘጉ። ሰፈሩን ዞረው ብረት በያጁ መዶሻውን እንዲያሳርፍ፣ እኔም ሬዲዮዬን እንዳጠፋ አዘዙ። ዝንብ ስትበር ይሰማል። ሐኪሟ መጣች፣ ቦርሳዋን ከፈተች።

ቁራጭ ግን ከፍራሹ ተነሳ። በማይችል እግሩ እየተንገዳገደ በሩን ይቧጭራል፣ ያላዝናል፣ ይንቀጠቀጣል። ሁለቴ ልትወጋው ሞከረች፤ ሁለቴም ታገላት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ… ብወስደው ይሻላል።»

ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ። እንደዚያ አቅም አጥተው አይቻቸው አላውቅም።

እኔ ያን ክፍል በጣውላ በኩል ዓመት ከዓመት ስሰማው ነው የኖርኩት። ቤቱ ጭር የሚለው ጋሼ ጥለውት ሲወጡ ብቻ ነው። ለክብሩ ብለን ዝም ስንል፣ እሱ ብቻውን የቀረ መስሎታል!

«ጋሼ፣ ይስፉ!» አልኩ።

«ዛሬ? አታፍርም አንተ?»

«ይስፉ አልኩኝ! መኪናውን ያስነሱት!»

በሳቸው ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ሳይደነግጡ አልቀሩም፣ ተቀመጡ። እኔ ወደ ሱቄ ሮጥኩ፤ ሬዲዮውንም ቶንዶሱንም ከፈትኩ፣ ብረት በያጁንም «ቀጥቅጥ!» አልኩት። ስመለስ የስፌት መኪናው ይንጫጫል፤ ቁራጭ እየተጎተተ መጥቶ ፔዳሉ አጠገብ ጋደም ብሏል። ሐኪሟ ፍራሹን ስሩ አንሸራትታ፣ መርፌዋን ይዛ ተንበረከከች። አልታገላትም። ዓይኑ ቀስ እያለ ተከደነ።

ጋሼ ጨርቁን ቀጥ አድርገው እየነዱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «አመሰግናለሁ ቁራጭ። ሰው አድርገኸኛል። አመሰግናለሁ ልጄ» ይሉታል። ከዚያ አፍ ምስጋና ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሐኪሟ ደረቱን አዳምጣ፣ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ መለሰች።

«ፈርቶ ነበር?» አሉ ጋሼ፣ እየሰፉ።

«አልፈራም፣ ጋሼ። እንቅልፍ ነው የወሰደው።»

«እንግዲያስ ተመስገን» አሉ፤ እግራቸውን ከፔዳሉ ያነሱት ያኔ ነው።