በስንዱ ደፍ ላይ የተገኘችው አሻንጉሊት

ወዳጆቼ፣ ጎረቤቴ ስንዱ ባሏ ወባ ይዞት ከተኛ ወዲህ ጥላዋንም ትፈራለች።

ዛሬ ጠዋት «መተት ተጣለብኝ! ጭቃ ሹሙን ጥሩልኝ!» ብላ ስትጮህ ቢቸና ሁሉ የሰማ መሰለኝ።

ሮጬ ብወጣ፣ ደፏ ላይ የወደቀችው እኔ የሰፋኋት የጨርቅ አሻንጉሊት ናት! ትናንት ስንዱ ገበያ ሳለች ልጇ ወድቃ ጉልበቷ ቢላጥ፣ ማባበያ ብዬ የሰጠኋት። የአሻንጉሊቷንም ጉልበት በቀይ ክር ጠምጥሜው ነበር፤ ምነው በነጭ ባደረግኩት!

«የኔ ናት» ልል ብዬ ወደ ኋላ ሸሸት አልኩ። መተተኛ ከተባልኩ ማን ደጄን ይረግጣል?

ስንዱ እሳት ይዛ ስትመጣ ልጅቱ እያነከሰች ወጥታ አሻንጉሊቷን አቀፈቻት። «እማዬ አታቃጥያት፤ ጉልበቷ ገና አልዳነም!»

ያኔ ነው «እኔ ነኝ የሰፋኋት» ያልኩት።

ስንዱ አፍጥጣ አየችኝና «እንግዲያ ለባሌም አንድ ስፊለት» አለችኝ።

እናንተንስ ደግነታችሁ እንዲህ አስደንግጧችሁ ያውቃል? አጫውቱኝ እስቲ፤ እኔ ለባሏ መስፊያ ነጭ ክር እየፈለግኩ ነው።