ውኃ የመጣበት የመለከት ቀን

እናቴ ዓይኔን አላስነካም ያለችው ሕመም ፈርታ አይደለም። የወታደር ሚስት ሆና ከካምፕ ካምፕ ስትንከራተት የኖረች፣ ሦስት ልጆች ያለ ሐኪም የወለደች ሴት መርፌ አትፈራም። ያስፈራት ፋሻው ነበር። የዓይን ሞራ ሲገፈፍ ዓይኑ ለአንድ ሌሊት ይሸፈናል። ያ ሌሊት ደግሞ በእሷ አቆጣጠር ጌታ ይመጣበታል ብላ የምትጠብቀው ሌሊት ሆኖ ተገኘ።

«ስንት ዓመት የጠበቅሁትን ጌታዬን ዓይኔን ተሸፍኜ ልቀበለው?» አለችኝ።

«ሲመጣ ፋሻውን እሱ ይፈታልሻል» አልኳት።

«አታሹፊ!»

አላሾፍኩም፤ ተናድጄ ነበር። ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ ባለችው ቤታችን የምንኖረው እሷና እኔ ብቻ ነን። እኔ አስተምራለሁ፣ እሷ ትጸልያለች፣ ሁለታችንም እልኸኞች ነን። የግራ ዓይኗ ከጨለመ ቆይቷል፤ ከጀርባው ሌላ ችግር ሳይኖረው ስለማይቀር ወደፊት ይታያል ተብሏል። ቀኙ ግን ሞራ ብቻ ነው፣ በቶሎ ከተሠራ ያያል አሉን። የሚሠሩት ሐኪሞች ወደ ሐረር የሚመጡት በዓመት አንዴ ለአንድ ሳምንት ነው። የእናቴ ተራ መስከረም ሃያ ሁለት ወጣ። ያ ቀን ካለፈ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ እየዳበሰች ልትኖር ነው። ይህንን በቁሜ አላይም ብዬ ቆርጬ ነበር።

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ በአቦከር በኩል በአንዲት የኪራይ ክፍል ለጸሎት ከሚሰበሰቡ ሰዎች ጋር ተቀላቀለች። እኔ በአባቴ ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። በሃይማኖት አንጣላም። እዚያ የአይሁድን በዓላት ይማራሉ፣ እሷም ምስር በዳሰሳ እየለቀመች ለእኔ ታስተምረኛለች። ሰባት ጣቶቿን ትዘረጋና አንድ በአንድ ታጥፋለች፦ ፋሲካ፣ የቂጣ በዓል፣ በኩራት፣ በዓለ ሃምሳ። «እነዚህ አራቱ በመጀመሪያው አመጣጡ ተፈጽመዋል፤ በቀናቸው፣ ሳይዛነፉ። መለከት፣ ስርየትና ዳስ ቀርተዋል። እነሱም በቀናቸው ይፈጸማሉ።» ሦስቱን ጣቶች አታጥፋቸውም፣ ወደ ፊቴ ዘርግታ ትይዛቸዋለች።

ለነገሩ መለከት ለቤታችን እንግዳ አልነበረም። አባቴ ውትድርና ከመግባቱ በፊት ትንሽ የቄስ ትምህርት ቀምሷል። የእንቁጣጣሽ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የዓመቱን መጥቅዕና አበቅቴ ይነግረናል። መጥቅዕ ማለት ይኸው የአይሁድ የመለከት በዓል ነው፣ የእኛ ጾምና ፋሲካ የሚወጣው ከእሱ ነው ይለን ነበር። እኛ ልጆቹ ዳቦው መቼ እንደሚቆረስ ነበር የምናስበው። እናቴ ግን ሰምታለች። «አባትሽ ቆጠረ፣ እኔ እጠብቃለሁ» ትላለች።

ዘንድሮ ታዲያ መለከት መስከረም ሃያ ሦስት ነው፣ የአማኞች ወደ ሰማይ መነጠቅም በዚያ ቀን ሊሆን ይችላል የሚል ነገር በየስልኩ ሲዞር ከረመ። በዓሉ የሚገባው ከዋዜማው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ፋሻው የሚታሰረው ደግሞ በዚያው ዋዜማ ነው። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አኮረፍኳት። የመስቀል ሰሞን እንኳ በቅጡ አልተነጋገርንም።

መስከረም ሃያ አንድ ጠዋት የጀርባ ጎረቤታችን መጡ። ፈላና በር ቅመም የሚሸጡ ሙስሊም አሮጊት ናቸው፤ አምና እነዚሁ ሐኪሞች ዓይናቸውን ሠርተውላቸዋል።

«አቦ፣ አንቺ ሴትዮ!» አሏት ገና ሳይቀመጡ። «እኔም ቂያማን እጠብቃለሁ። ዓይኔን ሸፈኑት፣ በማግስቱ ፈቱት፣ አልሐምዱሊላህ! ይኸው አሁን የተምር ትል አያለሁ። ወላሂ፣ አምና ስንቱን በልቼዋለሁ መሰለሽ!»

እናቴ ሳትወድ ሳቀች። «የእናንተ ቀን አልተቆረጠለትም። የእኛ ተቆርጦለታል።»

«ማን ቆረጠው?»

«ወንድማችን ነዋ፣ ልብስ ሰፊው።»

«ልብስ ሰፊ!» አሉ አሮጊቷ። «እሱማ መቁረጥ ልማዱ ነው። መጀመሪያ መለካቱን ግን ጠይቃችሁታል?»

እናቴ በዚህኛው አልሳቀችም። እኔ ግን ጥያቄውን ይዤው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቀትር ላይ ክፍሌን ጨርሼ በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ አመራሁ። የእናቴን የጸሎት ቤት የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሜትር ከአንገታቸው የማይለይ ጭምት ሰው ናቸው። ልጣላቸው ነበር የሄድኩት።

«ቀኑን ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

ሳይቀየሙ ስልካቸውን አውጥተው የተላከላቸውን አሳዩኝ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ሴፕቴምበር ሃያ ሦስት ይላል።

«ይሄ እኮ ሴፕቴምበር ነው» አልኳቸው።

«መስከረም ማለት አይደል? ሬዲዮውም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ከማሽኑ በላይ የግድግዳ ካሌንደር ተሰቅሏል፤ በየቀኑ ጥግ የፈረንጁ ቁጥር በደቃቁ ታትሞበታል። በጣቴ ፈልጌ አሳየኋቸው። የፈረንጁ ሃያ ሦስት ለእኛ አሥራ ሦስት ነበር። ካለፈ ስምንት ቀን ሆኖታል። ተነሥተው በዚያ በመርፌ በተወጋጋ ጣታቸው ቁጥሯን ነኩና ተመልሰው ተቀመጡ።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ፊታቸውን ሳይ ግን ደስታዬ አሳፈረኝ።

«በየቤቱ ነግሬያለሁ» አሉ። «ሰው ሥራውን ትቶ ጾም ይዟል።»

«ለሌላው እርስዎ ያውቃሉ። ለእናቴ ግን ዛሬውኑ ይንገሯት።»

«ሃያ ሦስት ቢያልፍና ብነግራቸው አይሻልም?»

«ቀጠሮዋ ነገ ነው» አልኳቸው። «እኔ ብነግራት አታምነኝም። እርስዎ ካልመጡ ከዚህ ሱቅ አልወጣም።»

ካሌንደሩን አንዴ ደግመው አዩት። ከዚያ ማሽኑን ሸፈኑ፣ ኮታቸውን ደረቡ፣ ቀድመውኝ ወጡ። በዚያች ሰዓት አከበርኳቸው።

እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። «እማማ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሏት ቆመው። «ወሩን አሳስቼ ተረጎምኩት። መለከት አልፏል። መስከረም አሥራ ሦስት ነበር።»

እናቴ ፊቷን ወደ ድምፃቸው መለሰች። ከዚያ ወደ እኔ። «አሥራ ሦስት ምን ስናደርግ ነበር?»

በሐረር ቀን የሚታወሰው በውኃ ነው። አሥራ ሦስት ውኃ ለእኛ ሰፈር የሚለቀቅበት ተራ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ በርሜሉንም ጀሪካኑንም ስንሞላ ዋልን። እኔ እሸከማለሁ፣ እሷ የቧንቧውን ጎማ ትይዛለች፣ መሙላቱን ጣቷን እየነከረች ታውቃለች። ያን ዕለት አንድ ምዕራፍ አንብቢልኝ ብላኝ ነበር። ውኃው ሳይሄድብን፣ በኋላ አልኳት። በኋላም አላነበብኩላትም። ይህንኑ ሁሉ ነገርኳት።

«ጎማ ይዤ» አለች እናቴ። «መለከቱን ጎማ ይዤ አሳለፍኩት!»

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ አንድ ስህተት ላይ ሌላ መጨመር አልፈለጉም። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ቁጥሩን በአውራ ጣታቸው እየተከተሉ መቁጠር ጀመሩ። መለከት የአይሁድ ወር መባቻ ነው፣ ስርየት አሥረኛው ቀን፣ ዳስ አሥራ አምስተኛው። ከአሥራ ሦስት ተነሥተው ቆጠሩና ቀና አሉ።

«የስርየት ቀን ነገ ነው» አሉ። «ከዛሬ ማታ ይገባል።»

ሜትሩን አፋቸው ውስጥ ብወትፈው ደስ ባለኝ! ሠላሳ ደቂቃ አስመስክሬ ያስለቀቅኩትን ቀን መልሰው ያዙብኝ። በእናቴ ፊት ላይ የሚሆነውን ላለማየት ወደ በርሜሉ ዞርኩ።

«ስርየት በምንድን ነው የሚውለው?» ስትል ሰማኋት።

«በጾም ነው እማማ። ራስን በማዋረድ።»

«አንቺ፣ ሐኪሞቹ ጾመሽ አትምጪ ብለዋል?»

«አላሉም» አልኩ።

«እንግዲያው ጾሜን እሄዳለሁ።»

ዞርኩ። ጉልበቷን ይዛ ተነሥታ ነበር። «እኔ እኮ ፊደል ቆጥሬያለሁ» አለች፣ ለሁለታችንም። «ካምፕ ውስጥ ልጅ አዝዬ በመሠረተ ትምህርት ነው የተማርኩት። ዓይኔ እስኪደክም መጽሐፌን ራሴ ነበር የማነበው። ሰው ሲያነብልኝ ቀኑን አሳተኝ። አንዷ ደግሞ በኋላ አለችኝ። ከእንግዲህ ማንም አያነብልኝም። ይክፈቱት።»

ልብስ ሰፊው ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አሸንፌ ነው የማለቅሰው ብዬ ራሴን ላታልል ብሞክርም አልሆነልኝም፤ ያስለቀሰችኝ «በኋላ» የምትለዋ ቃል ነበረች።

በማግስቱ አፏ እህል ሳይነካ ገባች፣ ተሸፍና ወጣች። ሌሊቱን እጄን ይዛ ተኛች። ሃያ ሦስት ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ፈታችላት። እናቴ ብዙ ጊዜ አርገበገበች። ፊቴን አየችና «ከስተሻል» አለች። ነርሷ የግራውን መመርመሪያ ቀጠሮ ለኅዳር ሰጥታን ወረቀቱን ለእኔ ስትዘረጋ እናቴ ከመሀል ተቀበለቻት።

ቤት ስንገባ ሳትቀመጥ ወደ ግድግዳችን ካሌንደር ሄደች። አታጎንብሺ ተብላለች፤ ቀጥ ብላ ቆማ በጣቷ የፈረንጁን ደቃቅ ቁጥሮች እየተከተለች ቆጠረች። ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። ላግዛት ስጠጋ በክርኗ መለሰችኝ። እስክሪብቶ ተቀብላኝ ሃያ ሰባት ላይ በሚንቀጠቀጥ ትልልቅ ፊደል ዳስ ብላ ጻፈች። ከዚያ ቅጠሎቹን ገልጣ ኅዳር ላይ ደረሰች። የሐኪሙን ወረቀት አጠገቡ ይዛ አስተያየችና እዚያም ዓይን ብላ ጻፈች።

«እማዬ፣ በሃያ ሰባት ከመጣ የኅዳሩ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። ለማሾፍ አልነበረም፤ ልቧን ለማወቅ ነው።

እስክሪብቶውን መለሰችልኝ።

«ሁለቱም ቀጠሮዬ ነው» አለች። «ቀድሞ ለመጣው እገኛለሁ።»