አዋላጇ ቦክሲልና የአራስ ቤቱ ገመድ

ቦክሲል የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በዐሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ከብት በረት ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን በአገሩ የነበረው ጦርነት ቤቱን አቃጥሎ በረቱን ብቻ ትቶላቸው ነበር። አማቷ «የመጀመሪያ ምጥ ቶሎ አይመጣም» ብለው ጎረቤት ሠርግ ሄዱ። ሲመለሱ ልጁ ተወልዷል፤ እናቲቱ በትኩሳት እየቃዠች ላሟን «እትዬ» እያለች ታዋራለች። ከሞት በጭንቅ ተረፈች።

ኋላ አዋላጅነት ተማረችና በቶንግዮንግ ወደብ ሆስፒታል ተቀጠረች። ማዕበል የማይፈሩ ዓሣ አጥማጆች የእሷን ምላስ ይፈሩ ነበር።

አንድ ጠዋት ዮንሱክ የምትባል የጀልባ ሠሪ ሚስት ወንድ ልጅ ወለደች። አማቷ ወይዘሮ ፒዮ ከደስታ ብዛት፣ በአገር ቤት እንደሚደረገው፣ ቀይ በርበሬና ከሰል የተሰካበት የገለባ ገመድ አምጥተው በአራሷ ክፍል በር ላይ ወጠሩት። ገመዱ እስኪፈታ ሦስት ሳምንት ባዕድም ክፉ መንፈስም አይገባም። ቀትር ላይ ዮንሱክ ተንቀጠቀጠች፤ ሰውነቷ እንደ ፍም ጋለ። ወጣቱ ዶክተር ማ መርፌውን ይዞ እየሮጠ መጣና ገመዱ ፊት ሲደርስ እንደ እልኸኛ በቅሎ ቀጥ አለ።

«ግባ እንጂ» አለችው ቦክሲል።

«እትዬ፣ እናቴ ብትሰማ ትረግመኛለች።»

«ያን ሁሉ ዓመት ያስተማሩህ ገለባ መፍራት ነው?»

«ልጁ ጨዋ ነው» አሉ ወይዘሮ ፒዮ ከውስጥ። «አንቺን ግን ማን እንዳሳደገሽ እንጃ።»

ቦክሲል ገመዱን መበጠስ አያቅታትም። ግን አሮጊቷ «ሟርት ነው» ብለው አራሷን ጠቅልለው ቢወስዷት፣ ያቺ ልጅ መንገድ ላይ ትቀራለች።

«እትዬ ፒዮ፣ ይህ ገመድ የሚታሰረው የት ነው?»

«በግቢ በር ነዋ። ይህም ይጠየቃል?»

«ታዲያ ይህ እኮ የጓዳ በር ነው። እዚህ ያለነው ሁሉ የምንበላው ከአንድ ድስት ነው፤ አንድ ቤተሰብ ነን። እርስዎ ጓዳውን አጥረው ዋናውን በር ለክፉ መንፈስ ወለል አድርገው ተዉት።»

አሮጊቷ ደነገጡ። ገመዱን በገዛ እጃቸው ፈትተው እያጉረመረሙ ወደ ሆስፒታሉ ዋና በር ወረዱ። አስረው ሲመለሱ ዶክተር ማ መርፌውን ወግቶ ጨርሷል።

የተቸገሩት የሆስፒታሉ ኃላፊ ናቸው። ከምሳ ሲመለሱ ገመዱን አዩና፣ የተማሩ ሰው ቢሆኑም፣ ከጠያቂዎች ጋር ደጅ ቆሙ። የመጡትን ነፍሰ ጡሮች ቦክሲል ገመዱን ከፍ እያደረገች «ቤተሰብ ናት» እያለች ታስገባለች። ኃላፊው በመጨረሻ በወጥ ቤቱ በኩል ዞረው ገቡ።

አመሻሹ ላይ የዮንሱክ ትኩሳት በረደ። ኃላፊው ቦክሲልን አስጠርተው «የምንመራው ሆስፒታል ነው ወይስ የጠንቋይ ቤት?» ቢሏት፣ እንዲህ አለች፦

«ጌታዬ፣ ገመዱም ይኑር፣ መርፌውም ይኑር፣ አማትም ትኑር። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን አራስ ስትጣራ በሩን አልፎ የሚደርስላት ሰው መኖሩ ነው። ሌላውን ሁሉ ቁጭ ብለን እንጨቃጨቅበታለን።»