የጽጌን የሠርግ ፎቶ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ሃርድ ዲስኩ ተከፈተልኝ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ጓደኛዬ ጽጌ እዚሁ ሀርጌሳ፣ አያሃ ሰፈር ነው የምትኖረው። ላፕቶፗ ከተበላሸ ቆይቷል። የሠርጓ ፎቶ፣ ነፍሳቸውን ይማርና እናቷ ሲመርቋት የተቀረጸው ቪዲዮ፣ ሁሉም ያለው እሱ ውስጥ ነበር።

ኮድቡር ሰፈር ካለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ እናሠራው ስላት፣ «በቬሎ ትከሻዬ ተራቁቶ የተነሳሁትን ባዕድ ወንድ ይየው? እዚህ አገር?» አለችኝ።

«ታዲያ እኔ ምን እሠራለሁ! ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ፣ ኬዝ ውስጥ ከትቶ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ በኬብል መሰካት ነው። በቪዲዮ አይቻለሁ» አልኳት። እኔን ማን ሾመኝ?

ዛሬ ጠዋት ገጣጥሜ ሰካሁት። ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ «ፎርማት ላድርገው?» አለኝ። ሰው ቤት ስሠራ በእንግሊዝኛ ለተባልኩት ሁሉ «የስ» ማለት ለምዶብኛል፤ የስ አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ የስ። ፎርማት ማለት ውስጡ ያለውን ሁሉ መደምሰስ መሆኑን መች አወቅኩ!

ጽጌ ልጆቿን «አያታችሁን ላሳያችሁ» ብላ በባጃጅ ይዛቸው መጣች። መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳት።

አልጮኸችም። ሻሿን አውልቃ ጭኗ ላይ አጣጠፈችና፣ «ምነው ያ ባለሱቅ ትከሻዬን ባየው ኖሮ» አለች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ አስቀምጬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። እንዲህ ያለ ጉድ የሠራችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ፦ ፎቶው ተመለሰላችሁ? ጓደኛችሁስ?