ሳንቲሙ ከበረዶው ላይ

አባቴ ኒቆዲሞስ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ፍሪጅ ይጠግናል። ሥራውን ከጀመረ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ፍሪጅ ያለውን ሰው አያምንም። «ሲተኙ ያጠፉታል» ይላል። የሚያጣራበት ዘዴ አለው። ብርጭቆ ውስጥ ውሃ በረዶ ያደርግና ሳንቲም ላዩ ላይ ያስቀምጣል። ፍሪጁ ከጠፋ በረዶው ይቀልጣል፣ ሳንቲሙ ይሰምጣል።

እናቴ ጥሩወርቅ የአንጀት ካንሰር ተገኘባት። ዶክተሩ ሲያስረዳን ዕጢው ምግብ የሚያገኘው አዲስ ደም ስር ወደራሱ እያበቀለ ነው አለ። ከኬሞው ጋር የሚሰጣት መድኃኒት ፕሮቲን ነው፤ ያ ደም ስር እንዳይበቅል ይከለክላል። አንድ ብልቃጥ ከአዲስ አበባ አስመጣን። ግን ደም ግፊቷ ጨምሮ ስለነበር ቀጠሮውን በሳምንት ገፉት። እስከዛ መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ መቆየት አለበት። እኛ ጋ መብራት እየሄደ ያስቸግራል። ስለዚህ ቀፊራ ገበያ ሱቅ ያለው ወዳጃችን ዐብዲገኒ ጋ አስቀመጥነው። እሱ ጄኔሬተር አለው።

አባቴ ብልቃጡን ከላይ፣ በረዶ ቤቱ ስር አስጠግቶ አስቀመጠው። ሳንቲም ያለበትን ብርጭቆ ደግሞ በረዶ ቤቱ ውስጥ። በየቀኑ በባጃጅ እየሄደ ያያል። ዐብዲገኒ ፊቱን ሲያዞር የፍሪጁን ማስተካከያ ወደ ቅዝቃዜ ይጨምራል።

በአራተኛው ቀን ዐብዲገኒ «አቦ ኒቆ፣ የሆስፒታሉ ነርስ ከበረዶ አርቁት ብላለች እኮ። ወላሂ ለስላሳዬ እየፈነዳ ነው» አለው።

«ለስላሳህ ነው ያሳሰበህ? ልታሞቅብኝ ነው አይደል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ጥሩወርቅ ለኔም እህቴ ናት!»

«እህትህ ከሆነች ጄኔሬተሩ ለምን አይሰማም?»

«መብራት ስላለ ነዋ!»

አባቴ ወጥቶ ቆጣሪውን አየ።

በቀጠሮው ጠዋት አብሬው ሄድኩ። ሳንቲሙ ከላይ ነበር። አባቴ ሳቅ አለ። ብልቃጡን ሊያነሳ ሲል ግን ተጣብቆ እምቢ አለው። ውስጡ በረዶ ሆኗል። ዐብዲገኒም አየው።

ሆስፒታል እስክንደርስ በሙቀቱ ቀለጠ። ጥርት ብሎ አዲስ መሰለ። አባቴ ባጃጁ ውስጥ ብልቃጡን እያገላበጠ ያያል። ያኔ እኔም አባቴን ጠረጠርኩት። ለነርሷ ሳይናገር ሊቀር ይሆን እንዴ?

ነርሷ ሱሀይራ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው። እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ ትጠብቃለች።

«በረዶ አልሆነም አይደል?» አለች ሱሀይራ።

አባቴ እናቴን አያት። «ሆኗል» አለ። «ድንጋይ ሆኖ ነበር። እኔ ነኝ ያደረግሁት።»

«እንግዲህ አልሰጣትም። ፕሮቲኑ ይበላሻል፣ በዓይን አይለይም።»

እናቴ እጅጌዋን አወረደች። «ሳንቲምህ ይሄንን አልነገረህም?» አለችው።

ሌላው እስኪመጣ አሥር ቀን ጠበቅን። አሥሩንም ቀን ፈራን። ሲመጣ አባቴ ራሱ ዐብዲገኒ ጋ ወሰደው፣ መሃል መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው፣ ሳንቲሙን አወጣ።

ዐብዲገኒ ማስተካከያው ላይ ፕላስተር ለጥፎበት ነበር። «ይሄ ከተነሳ አንተ ነህ» አለው።

እናቴ መድኃኒቱን በወሰደችበት ቀን ፕላስተሩ እንደተለጠፈ ነበር።